በቃሬዛ ወደ አባይ የወረደችው ጀልባ

ማክሰኞ፣ ከንጋቱ አሥራ አንድ ሰዓት፣ ደሴ

ደሴ ገና አልተነሳችም። ብርዱ አጥንት ይገባል። እኔ በጭነት መኪና ላይ በገመድ በታሰረች ባለ አራት ወንበር የመዝናኛ ጀልባ ውስጥ ተቀምጬ ጥርሴ ይንገጫገጫል። ጋቢና ውስጥ ለምን አልተቀመጥክም የሚለኝ ካለ፣ ጋቢናውን የዕርዳታ ዱቄትና የደሴው የዕርዳታ ኮሚቴ ጸሐፊ ተካፍለውታል። ሁለቱም ከእኔ ይበልጥ ለአገር ያስፈልጋሉ ተብሏል።

እንዴት እዚህ እንደደረስኩ በአጭሩ ልናገር። ወጣትነቴን ያሳለፍኩት ምጽዋ ነው፤ ለሀብታሞች የመዝናኛ ጀልባ እነዳ ነበር። አንድ የወሎ ባለርስት ለሽርሽር መጥተው አነዳዴን ወደዱልኝና ከአንዲት አዲስ ጀልባ ጋር ሐይቅ አመጡኝ። ሥራዬ የጌታውን እንግዶች በሁለት ጣውላ ላይ አቁሜ ውሃው ላይ መጎተት ነበር። አምና ረሀብተኛው ወደ አስፋልቱ ሲፈስ፣ መንገድ ዳር ሲወድቅ፣ እኔ በጀሪካን ሙሉ ቤንዚን ወይዛዝርት እጎትት ነበር። ይህን ስጽፍ ዛሬም አፍራለሁ።

አሁን ንጉሡ ከወረዱ ወር አልሞላም። ጌታው ታስረዋል። ጀልባዋ ተወርሳለች፤ እኔም እንደ መለዋወጫ ዕቃዋ አብሬ የተወረስኩ ይመስለኛል።

ባለፈው ሳምንት ከመካነ ሰላም አንድ ደብዳቤ መጣ። አሥራ አራት የወሎ ቦረና ሰዎች ከክረምቱ በፊት አባይን ተሻግረው ጎጃም ገብተው ነበር፤ አረም አርመው እህል ይዘው ሊመለሱ። ሠርተው፣ እህላቸውን ይዘው፣ ወንዙ ዳር ሲደርሱ ግን አባይ ሞልቶ ጠበቃቸው። ወደ ኋላ እንዳይመለሱ አቅም የላቸውም፤ ወደ ፊት ውሃ ነው። በረሃው ላይ ወባ ይዟቸዋል። ኮሚቴው ደብዳቤውን አንብቦ ሲያበቃ አንዱ አባል «ጀልባ አለን እኮ!» አለ። ጉዱ የተጀመረው እዚህ ላይ ነው።

በጀልባዋ ጎን የጌታው የልብ ወዳጅ ስም ተጽፎ ነበር። ኮሚቴው በቀይ ቀለም አስጠፍቶ «ለሰፊው ሕዝብ» አስጻፈበት። ሰፊው ሕዝብ አራት አራት እየሆነ እንዲሳፈር ነው መሰለኝ።

ማክሰኞ፣ ከቀኑ ሰባት ሰዓት፣ ወደ አቀስታ

ሾፌሩ ሰይድ ይባላል። ረጅም፣ ቀጭን፣ ጫቱን በአንድ ጉንጩ፣ ስድቡን በሌላው የያዘ ሰው ነው። በየጉድጓዱ አንገቱን በመስኮት አውጥቶ ይጮሃል።

«ካፒቴን! ማዕበሉ እንዴት ነው?»

«መንገድህ ከቀይ ባሕር ይብሳል!»

እውነቴን ነው። ጀልባዋ በደረቅ መሬት ላይ እንዲህ ስትወረወር አላየሁም። ጉጉፍቱ ላይ መኪናው ጭቃ ውስጥ ገባና ሁለት ሰዓት ቆምን። ሰይድ ጎማው ሥር ድንጋይ እየወሸቀ፣ ይህች ነገር በእውነት ማዕበል ትችል እንደሆነ ጠየቀኝ። አስረዳሁት። እንዲህ ያለች አጭር ጀልባ በረጋ ውሃ ላይ አፍንጫዋን ቀና አድርጋ ስትሮጥ የሚደርስባት የለም። ውሃው ሲቆጣ ግን ጠባይዋ ይለወጣል። ማዕበሉን ፊት ለፊት በሙሉ ኃይል ከገጠምከው ትዘላለች፤ አየር ላይ ሳለች ሞተሩ ባዶውን ይጮሃል፣ ስትወድቅ ወገብህ ይቀራል። ጎንዋን ከሰጠኸው ትገለበጣለች። ስለዚህ ሰያፍ ይዘህ፣ ነዳጁን እየሰጠህ እየነሳህ ነው የምትወጣው። ከሁሉ የከፋው ከኋላ የሚመጣው ነው፤ ቂጧን ያነሳና ያዞራታል። ያን ጊዜ ደንግጠህ ነዳጁን ድንገት ከለቀቅክ፣ ራሷ ያስነሳችው ውሃ ደርሶ ይሞላታል።

«ይሄማ የዚች መኪና ጠባይ ነው» አለኝ ሰይድ። «እሷም ቁልቁለት ላይ ቂጧ ይቀድማል።»

አቀስታ ስንገባ ቀኑ ገበያ ነበር። ገበያ ሲባል ግን ብዙ ሰው፣ ጥቂት እህል። አንዲት የገብስ ቂጣ በስሙኒ ገዛሁ፤ ሻጪቱ ራሷ በዋጋው አፍራ ወደ ሌላ ታያለች። ልጅ ያዘሉ ሴቶች ከዕርዳታው ድንኳን ፊት ተሰልፈዋል። ፊታቸው ላይ ዓይን ብቻ ቀርቷል። ቂጣዬን ጨርሼ መብላት አልቻልኩም፤ ቆርሼ ለአንዷ ሰጠሁና ቀሪውን ማን እንደወሰደው አላየሁም።

ጀልባዋን ያየ ሁሉ ከበበን። አንድ ሽማግሌ በዱላቸው ሆዷን ቆረቆሩት።

«ምንድን ናት ይቺ?»

«ጀልባ ናት አባቴ። ውሃ ላይ የምትሄድ።»

«ሦስት ዓመት ዝናብ ጠፍቶ ስንቃጠል የት ነበራችሁ? ዛሬ መርከብ ይዛችሁ የመጣችሁት የኖኅን ውሃ ልታወርዱብን ነው?»

ጸሐፊው ከጋቢና ወርዶ ስለ አድኃሪው ሥርዓት ንግግር ጀመረ። ሽማግሌው እስኪጨርስ በትዕግሥት ሰሙትና «እሺ፣ እንስሳቱስ የት አሉ?» ብለው ሄዱ።

ረቡዕ፣ ከሰዓት በኋላ፣ መካነ ሰላም

መኪና የሚሄድበት መንገድ እዚህ አለቀ። ከዚህ እስከ አባይ የቀን መንገድ ቁልቁለት ነው፤ በእግር፣ ወይም በበቅሎ። በቅሎ ደግሞ ጀልባ አትጭንም።

አሊ እዚህ ጠበቀን። አሊ የአባይ ዋናተኛ ነው። በበጋ፣ ውሃው ሲጎድል፣ የተነፋ የፍየል ስልቻ ደረቱ ሥር አድርጎ መንገደኛ ያሻግራል፤ አባቱም አያቱም ይህንኑ ነበር የሚሠሩት። ደረቱ ሰፊ፣ ድምፁ ዝቅ ያለ፣ ወገቡ ላይ ሽርጥና ቢላዋ ብቻ ያለው ሰው ነው። ጀልባዋን ዞር ዞር ብሎ አያት።  ከዚያ ወደ እኔ ዞረ።

«ወንድሜ፣ ዛሬ መውረድ እንችላለን?»

«ምነው ቸኮልክ?»

«ሚስቴ ማዶ ናት።»

ዘሃራ ትባላለች። ሁለት ልጆቻቸውን ለእሱ ትታ፣ እሷ ጎጃም ገባች። የተሻገረችው በእሱ ስልቻ ነው፤ ራሱ ነው ገፍቶ ያሻገራት። አሁን ሦስት ሳምንት ሙሉ፣ ጠዋት ጠዋት ከማዶ ጭስ ታነሳለታለች። ድምፅ ከወንዙ ጩኸት በላይ ስለማይሰማ፣ ደህና ነኝ ማለቷ ነው።

«ከትላንት በስቲያ ጀምሮ ጭሱ የለም» አለኝ።



ጸሐፊው ሕዝቡን ሰብስቦ ጀልባዋን ለመሸከም ፈቃደኞች እጃቸውን እንዲያወጡ ጠየቀ። ሁለት እጅ ወጣ፤ አንደኛው የሰይድ ነው፣ እሱም ሲያፋሽክ። የተራበ ሰው ጀልባ ተሸክሞ ገደል ውረድ ቢባል ምን ይበል? አሊ ግን ንግግሩን ሳይሰማ ወደ ቅሬው ዳኛ ወደ አያ መኮንን ሄደ። ቅሬ ማለት የመንደሩ የሐዘን ማኅበር ነው፤ እስላሙም ክርስቲያኑም አንድ ላይ ያለበት። ሰው ሲሞት ይቀብራል፣ ሰው ሲታመም በቃሬዛ ተሸክሞ ያደርሳል። የቀረ ይቀጣል። የተራበም፣ የደከመም አይቀርም።

አያ መኮንን ጥርስ የሌላቸው፣ ዓይናቸው ግን ሁሉን የሚያይ ሽማግሌ ናቸው። ነገሩን ሰምተው ሲያበቁ አሊን ጠየቁት።

«ቅሬ ለታመመና ለሞተ ነው የሚወጣው። ይቺ ጀልባ ታማለች?»

«አልታመመችም፣ አያ።»

«ሞታለች?»

ወደ እኔ አዩ። «ገና አልሞተችም» አልኩ።

«ማዶ ያሉትስ?»

«ታመዋል» አለ አሊ።

«እንግዲያው ባዶ ቃሬዛ ሄዶ ሕመምተኛ ማምጣት ድሮም ያለ ነው። ይቺ ቃሬዛ ናት፤ ትንሽ ወፈረች እንጂ። ነገ ጎሕ ሲቀድ ቅሬው ይውጣ።»

የጸሐፊው የአንድ ሰዓት ንግግር ያላደረገውን ይህ ፍርድ አደረገው።

ሐሙስ፣ ቀኑን ሙሉ፣ ቁልቁለቱ

ሁለት ረጃጅም ግንድ፣ ከታች በጠፍር የተሳሰረ፣ በላዩ ጀልባ። በአንድ ጊዜ ሃያ ሰው ተሸከመ፤ ሃያው ሲደክመው ሌላ ሃያ ተቀበለ። ቃሬዛ መሬት አይነካም የሚል ደንብ አላቸው። ትከሻ ለትከሻ ነው የሚቀባበሉት። እኔ «እስቲ ትንሽ አሳርፏት» ስል እንደ ባለጌ አዩኝ።

ሌላም ደንብ አለ። ቃሬዛ ያጋጠመው መንገደኛ ሁሉ ትከሻውን ሰጥቶ ጥቂት እርምጃ መሸከም አለበት። ስለዚህ ያገኘነው ሁሉ እየተቀበለን መጣ። ሴቶች ከሩቅ ሲያዩን እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው ማልቀስ ጀመሩ፤ ይህን የሚያህል ሬሳ የማን ሊሆን እንደሚችል እግዜር ይወቅ። አንድ ቄስ ከበቅሎ ወርደው፣ ጥምጥማቸውን አስተካክለው፣ ሃያ እርምጃ ያህል ተሸከሙ። ከዚያ ላባቸውን እየጠረጉ «ማን ነው የሞተው?» አሉ።

«ማንም አልሞተም አባ። ጀልባ ናት።»

ቄሱ ቀና ብለው አዩ። «ለሰፊው ሕዝብ» የሚለውን አነበቡ።

«እኔ ነፍስ ይማር ብያለሁ» አሉ፤ «ያልኩትን አልመልስም። ለሚቀጥለው አቆዩልኝ።»

በሳቁ መሐል ጥፋት ሠራሁ፤ ጥፋቱም የእኔ ብቻ ነው። ሁለቱን የቤንዚን ጀሪካን ጀልባዋ ውስጥ ያስቀመጥኩት እኔ ነኝ፤ የአንዱን ክዳን አጥብቄ ያልዘጋሁትም እኔ ነኝ። ቁልቁለቱ ላይ አፍንጫዋ ሲዘቀዘቅ ቤንዚኑ ፈሶ በፊተኞቹ ተሸካሚዎች ትከሻ ላይ ወረደ። ሽታው እስኪደርሰኝ አላወቅሁም። አንድ ጀሪካን ብቻ ቀረን። ማንም አልተቆጣኝም። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር።

አሥር ሰዓት ላይ ታች ደረስን። ሙቀቱ ያፍናል። አባይ ቀይ ጭቃ ለብሶ፣ ዛፍ ከነሥሩ ተሸክሞ ይሮጣል። መሐሉ ላይ ውሃው እንደ ታረሰ እርሻ ወጣ ገባ ሆኗል። አሊ ድንጋይ ላይ ወጥቶ እጁን ግንባሩ ላይ አድርጎ ማዶውን አየ። ጭስ የለም።

ዓርብ፣ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት፣ አባይ

ሞተሩን ሰቀልኩ። ጀልባዋን ውሃ ላይ አወረድናት። አሊ አፍንጫዋ ላይ ተቀመጠ።

«ከየት እንነሳ?» ስለው «ከላይ» አለ።

እኔ ግን የምጽዋ ሰው ነኝ፤ ዋናተኛ ጀልባ መንዳት ያስተምረኛል? ቀጥ ብዬ ወደ ማዶ ተነሳሁ። የመጀመሪያው ማዕበል ሲመጣ እንደለመድኩት ሰያፍ ያዝኩና እስኪያልፍ ጠበቅሁ። አላለፈም። እዚህ ላይ ነው ድንቁርናዬ የገባኝ። ባሕር ላይ ማዕበሉ ይሄዳል፣ ውሃው ባለበት ነው። ወንዝ ላይ ማዕበሉ ቆሟል፣ የሚሄደው ውሃው ነው። እኔ ማዕበሉ ያልፋል ብዬ ስጠብቅ ወንዙ እኔን ይዞኝ ሄደ። ጀልባዋ ዘለለች፣ ሞተሩ ባዶውን ጮኸ፣ ተመልሳ ስትወድቅ ምላሴን ነከስኩ። ዞረችብኝ። ታች ያለው የድንጋይ ፏፏቴ ሲያጓራ ይሰማኛል።

አሊ ገመዱን በጥርሱ ይዞ ውሃ ውስጥ ገባ። እንዴት እንደዋኘ አልነግራችሁም፤ ዓይኔን ጨፍኜ ነበር። ዓይኔን ስገልጥ ገመዱ ከሾላ ሥር ታስሮ፣ እሱ ቁና ቁና ይተነፍሳል።

«ያ ረቢ» አለ። «ወንድሜ፣ ማዶውን አትይ። እኔን እይ።»

ቅሬው ጀልባዋን በገመድ ወደ ላይ ጎተተልን። በሁለተኛው ሙከራ እኔ አፌን ዘጋሁ። አሊ በጣቱ ያሳየኛል፤ እዚህ ውሃው ወደ ኋላ ይመለሳል፣ ግባበት፤ እዚህ ድንጋይ አለ፣ ሽሽ፤ አሁን ስጥ፤ አሁን ተው። እሱ ውሃውን ያነባል፣ እኔ ነዳጁን እሰጣለሁ። ወንዙ ራሱ እየገፋ ማዶ አደረሰን።

ከቁጥቋጦው ሥር ሰዎች ብቅ አሉ። ቆጠርኳቸው፤ አሥራ አራት። አሊ ግን አልቆጠረም። አንዲት ከሲታ ሴት ዛፍ ተደግፋ ቆማለች፤ ትንቀጠቀጣለች። እሱ ፊቷ ቆመ። እጁ ተነስቶ ሊነካት ደርሶ ተመለሰ።

«ጭሱስ?» አላት።

«ክብሪት አለቀ» አለች ዘሃራ። «አንተስ ይሄን ሁሉ ቀን ምን ትሠራ ነበር?»

አሊ መሬት ላይ ተቀምጦ ሳቀ። እንዲህ ሲስቅ መጀመሪያ መስማቴ ነው።

ችግሩ ወዲያው መጣ። በቀረችኝ ቤንዚን ሦስት ጊዜ ብመላለስ ነው። ሦስት ጊዜ አምስት አምስት ሰው፤ በዚህ ውሃ እሱም ድፍረት ነው። ለእህሉ ቦታ የለም። ይህን ስናገር ማንም አልተነሳም። እያንዳንዳቸው ስልቻቸው ላይ ተቀመጡ።

«እህሉን ውሰድ» አለችኝ ዘሃራ። «እኛን ተወን።»

«ለእህል ብዬ ሰው ልተው?»

«አራት ወር የሰው አረም ያረምኩት ለምን መሰለህ? ልጆቼ የሚያስፈልጋቸው እህል ነው። በወባ የምትንቀጠቀጥ እናት ምን ታደርግላቸዋለች?»

 አሊ ግን የአንዱን ስልቻ አፍ ከፈተ፣ ነፋበት፣ በጠፍር አሠረው፣ ከቋጠሮው ላይ ሞራ ቀባ፣ ውሃው ላይ ጣለው። ተንሳፈፈ።

«ይጎተት» አለ።

በየገመዱ አሥረን ከጀልባዋ ኋላ ሰደድናቸው። እየተጎተቱ ወደ ኋላ ይዘው ይገለብጡናል ብዬ ፈርቼ ነበር። የሆነው ተቃራኒው ነው። ከማዕበሉ ቁልቁል ስንወርድ ቂጧ ሊዞር ሲል ስልቾቹ ከኋላ ጎትተው ቀጥ አደረጓት። ምጽዋ ላይ አንድ ሽማግሌ ዓሣ አጥማጅ ማዕበል ከኋላ ሲመጣ ባልዲ ጎትት ብሎኝ ነበር። ወይዛዝርት ስጎትት ረስቼው ኖሯል።

ሁለት ጊዜ በሰላም ተመላለስን። ቅሬው ሕመምተኞቹን እየተቀበለ በቃሬዛ ያስተኛል። በሦስተኛው አራት ሰው ቀረ፤ ዘሃራ የመጨረሻዋ ናት፤ ሁሉንም ሳታሳፍር አልገባም አለች። አራት ሰው፣ አራት ስልቻ፣ አራት ገመድ።

መሐል ላይ አንድ ግንድ ከነቅርንጫፉ መጣ። ሸሸሁት፤ አለፈን፤ ግን አንዱን ስልቻ በቅርንጫፉ ያዘው። ጀልባዋ ወደ ኋላ ተጎተተች። ውሃ በቂጧ ገባ፣ እስከ ጉልበታችን ደረሰ።

«ቁረጡት!» ብዬ ጮህኩ።

አራቱም ገመዶቹን አዩ። እያንዳንዱ የራሱን ቋጠሮ ያውቃል። ሦስቱ ወደ ዘሃራ ዞሩ፤ የተያዘው ስልቻ የእሷ ነበር። እሷ ገመዱን አንድ ጊዜ አየችው። ከአሊ ወገብ ቢላዋውን መዘዘችና በአንድ ምት በጠሰችው።

ጀልባዋ ቀና አለች። ስልቻው ከግንዱ ጋር እየተንከባለለ ሄደ።

«እህላችን!» አለ አሊ። ተነስቶ ሊዘል አንድ እግሩን አነሳ። ይዋኛል፤ ይደርስበታልም ይሆናል፤ ፏፏቴው ግን እሱንም ስልቻውንም አይመልስም። ዘሃራ ከኋላው ሽርጡን በሁለት እጇ ያዘች። ሽርጡ ተፈታ፣ ከእጇ አመለጠ፣ ነፋሱ ይዞት ወደ ውሃው ሄደ። የአባይ ዋናተኛ አሊ በመላው ቅሬ ፊት ራቁቱን ቆመ።

«ቁጭ በል!» አለችው እየጮኸች። «እህል ሌላ ይገኛል። አንተን ከየት አገኛለሁ?»

አሊ ቁጭ አለ። ነጠላዋን ጣል አደረገችበት። እኔ ሳቅኩም፣ አለቀስኩም፤ ነዳጁን ግን አልለቀቅኩም።

ዳር ልንደርስ ጥቂት ሲቀረን ሞተሩ ጠጥቶ የጨረሰውን ቤንዚን ፈልጎ ተንተባተበና ዝም አለ። ቅሬው ውሃ ውስጥ ገብቶ ጎተተን።

ዳር ላይ ከተሻጋሪዎቹ አንዲት ሴት የራሷን ስልቻ መፍታት ጀመረች። ሌሎቹም ፈቱ። ማንም ምንም አላዘዘም።

«ዘሃራ፣ ነጠላሽን ዘርጊ» አለቻት።

ሁሉም ወደ አሊ ዞረ። አሊ ነጠላውን እስከ አገጩ ሳበ።

«አምጣ» አለችው ዘሃራ።

«እንዴት ብዬ?»

«ጎንበስ ብለህ።»

አሊ ጀልባዋ ውስጥ ተኝቶ ነጠላውን በእጁ አሳልፎ ሰጠ። አያ መኮንን ፊታቸውን ወደ ገደሉ አዞሩ፤ ትከሻቸው ግን በሳቅ ይንቀጠቀጣል። አሥራ ሦስቱም እፍኝ እፍኝ ጨመሩላት። ከስልቻዋ ግማሽ አይሞላም። ቋጥራ ጀርባዋ ላይ አሠረችው።

ሁለት ሰዎች ቃሬዛ ይዘው ቀረቡ። «ተኚ፣ ትኩሳት አለብሽ፤ እንሸከምሽ» አሏት።

«አይሆንም» አለች። «ተሸክማችሁኝ ስገባ ልጆቼ ካዩኝ የሞትኩ ይመስላቸዋል። በእግሬ ነው የምገባው። እሱን አልብሳችሁ ላኩልኝ።»

ከዚያ በወባ እየተንቀጠቀጠች ዳገቱን ጀመረች።